ዋልያው ሲመናመን አዳኙ ምን ይሥራ? በስሜን ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች የአማራጮች ንጽጽር

ለጥምቀት የእናቴ ወገኖች ከጃናሞራ ወደ ጎንደር መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ታቦታቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ወደየመንበራቸው በተመለሱ ማግስት የአጎቴ ልጅ ሌሎቹ ቡናውን ከብበው እስኪቀመጡ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ አለ። “ወንድም ዓለም፣ አባቴ አዳኝ እንደነበረ ታውቃለህ። እኔም ገደሉን እንደ ቤታችን ደጃፍ አውቀዋለሁ። አሁን ዋልያው አልቋል፣ ሕጉም አያፈናፍንም። የፓርክ ጠባቂ ስካውት ልሁን? በቅሎ ልግዛ? በግ ላደልብ? ወይስ አንዳንዶቹ እንደሚሉት አደኑ በሕግ እስኪፈቀድ ልጠብቅ?”

ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ በኋላ ከደባርቅም ከአዲ አርቃይም ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሱ ወጣቶች ስላጋጠሙኝ አማራጮቹን አንድ በአንድ ጠይቄና አስልቼ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ጽሑፉ ስሜን ተራሮችን ዙሪያውን ለሚኖሩ፣ በዕውቀትም በዘርም ከአደን ጋር ለተሳሰሩ ቤተሰቦች ነው። በእኛ አገር አዳኝነት የሚያሳፍር ስም ሆኖ አያውቅም። በፉከራው “ገዳይ” እየተባለ የተወደሰ ሙያ ነው። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። የምጽፈው ሙያው ያስተማረው ዐይንና እግር ዛሬ የት ቢውል እንደሚያበላ ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ዘመናዊ ጠመንጃ በየመንደሩ ከተሠራጨ በኋላ መንጋው ክፉኛ ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀረው ከሁለት መቶ እምብዛም እንደማይዘል ይገመት ነበር። በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርኩ ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ ብዙ ውጣ ውረድ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ ቁጥሩ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ግን 300 ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው።

ምክንያቱን የአካባቢው ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ግጭት አለ። ጠመንጃ በዛ፣ ቅኝቱ ሳሳ፣ ከጎብኚ ይገኝ የነበረው እንጀራ ተቋረጠ። እርሻውና የቤት እንስሳው ወደ ገደሉ አፋፍ መግፋቱም አልቆመም። በዚህ ሁሉ መካከል የሚራባው እንስሳ ዘገምተኛ ነው። ወንዶቹ ለመሳረር የሚታገሉት በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ እናቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። ያቺ አንዲት ግልገል ደግሞ ከብርዱ፣ ከነብሩና ከጅቡ መትረፍ አለባት። 300 እንስሳ ውስጥ ሽማግሌው፣ ግልገሉና ያልወለደችው ሲቀነሱ በየዓመቱ የሚወልዱት እናቶች ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ አንባቢው ራሱ ያስላው። አንድ ሰው በክረምት አንዲት እናት ቢገድል በሆዷ ያለው ግልገልም አብሮ ይቆጠራል።

በምን መለኪያ እናወዳድር?

ሥራ ሲመረጥ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው “ስንት ያስገኛል?” ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ሦስተኛ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው መለኪያዬ ሥራው በሕግ ፊት ያቆማል ወይ የሚለው ነው። በእስር ቤት ያለ አባወራ የሚያገኘው ገቢ የለምና። ሁለተኛው፣ ጎብኚ አንድ ዓመት ሙሉ ባይመጣ ሥራው ይቀጥላል ወይ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከ2012 ዓ.ም. በፊት ብዙ ሰው አላነሣውም ነበር፤ ባለማንሣቱም ደባርቅ ውስጥ ስንት ቤት ዕዳ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው፣ መነሻው ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያው ብር ኪስ እስኪገባስ ስንት ወር ይፈጃል የሚለው ነው። አራተኛው፣ የአዳኙ ዕውቀት ማለትም ዱካ መለየቱ፣ ነፋስ ማየቱ፣ ገደል ላይ መርገጡ ዋጋ ያገኝበታል ወይ የሚል ነው። የመጨረሻው፣ እኔ ግን ከልቤ የምጠይቀው፣ ሥራው ገደሉ ላይ ለቀሩት ዋልያዎች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ በድብቅ ማደኑን መቀጠል

ይህን አማራጭ ዘልዬ ባልፈው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ሰዎች በእውነት የሚያመዛዝኑት ስለሆነ እኔም ከሌሎቹ እኩል እመዝነዋለሁ። ትልቅ ወንድ ዋልያ ከ80 እስከ 125 ኪሎ ይመዝናል ይባላል። ሥጋው ለጎረቤትና ለዘመድ ሲከፋፈል ሳምንት አይሞላም። ቀንዱ ድሮ ለጠላና ለጠጅ ዋንጫ ይሆን ነበር። ዛሬ በቤት የተገኘ ቀንድ ማስረጃ ሆኖ ባለቤቱን ፍርድ ቤት ያቆመዋል።

በሌላው በኩል ያለው ወጪ ግን ብዙ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 541 ያለፈቃድ ማደን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሹኑ የለም። ጥይቱ ራሱ ውድ ነው። አዳኝ የተባለ ሰው ስሙ አንዴ ከወጣ በኋላ ወደ ስካውትነትም ሆነ ወደ አጃቢነት መግባት ይቸግረዋል፤ ማለትም አንድ ጥይት ከታች የዘረዘርኳቸውን በሮች ሁሉ ይዘጋል። “በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ” የሚባለው ለዚህ ነው።

በሕጉም፣ በወጪውም፣ ለዋልያው በሚያመጣውም ወድቋል። ዕውቀቱ ዋጋ ያገኛል ቢባል እንኳ የሚያገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ ሕጋዊ አደን እስኪፈቀድ መጠበቅ

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በባሌና በአርሲ በኩል የደጋ አጋዘን ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ለውጭ አገር አዳኞች በፈቃድ ይታደናል። በፓኪስታን ተራሮች ደግሞ ማርኮር የሚባል ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የዱር ፍየል አለ። በየዓመቱ ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ ፈቃድ ተሰጥቶ ከሚገኘው ገንዘብ 80 በመቶው ለመንደሮቹ ይገባል። ይህን የሰማ ሰው “የእኛስ?” ቢል አይፈረድበትም።

ግን የፓኪስታኑን ታሪክ ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል። ቶርጋር በሚባለው ተራራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማርኮሩ ከመቶ በታች ደርሷል ተብሎ ነበር። የጎሣ መሪዎቹ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር የራሳቸውን ሰዎች አደን ማስቆም ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያው መንደር ጠባቂዎችን መቅጠር ነው። ቁጥሩ ወደ ሺዎች ለመውጣት ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ፈጀ። በሰሜን አሜሪካም የዱር በግ ቁጥር በወረደባቸው ተራሮች ቀድሞ የሚቀነሰው የአደን ፈቃዱ ነው፤ አንዳንዱ አካባቢ ጭራሹኑ ይዘጋል። መንጋው ሲያንስ አዳኝ ይጠብቃል እንጂ መንጋው አዳኝን አይጠብቅም።

የእኛው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ማርኮር በብዙ ተራሮች ይኖራል፣ ዋልያ ግን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መኖሪያውም ብሔራዊ ፓርክና የዓለም ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሰፍሮ የነበረ ቅርስ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ላይ አደን ይፈቀዳል ብሎ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ዛሬ ትዳሩን ሊያዘገይ አይገባም። ቢፈቀድ እንኳ ፈቃዱን የሚገዛው የውጭ ሰው ነው፤ የእኛ ልጅ የሚያገኘው የመሪነትና የተሸካሚነት ክፍያ ነው። ያንን ክፍያ ደግሞ ዛሬም ያለ ጥይት ሊያገኘው ይችላል። ይህ ወደ ሚቀጥለው ይወስደኛል።

ሦስተኛው፦ ስካውትነት

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአጎቴ ጋር ጨነቅ ካምፕ አድሬ ነበር። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ውኃውን ያረጋል። ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ ወስዶ አስቀመጠኝ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ያየሁት ድንጋይ፣ አስታና ጅብራ ብቻ ነበር። “ድንጋዩን አትመልከት፣ ጥላውን ተመልከት” አለኝ። ከዚያ በሹክሹክታ “ስማ” ብሎ እጄን ያዘኝ። ከሥራችን አንድ ጠጠር ተንከባለለች፣ ቆየት ብላ ሌላ። “ነፋስ ጠጠርን እንዲህ አያወርደውም፣ ሰኮና ነው” አለ። ጠጠሩ ከወረደበት ቦታ ወደ ላይ ዐይኔን ስሰድ አምስት ሴቶችና ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ወንድ ቆመው ነበር። ወንዱ የፊት እግሩን አንሥቶ ለአፍታ ቆየና እንደገና ረገጠ። አጎቴ ምንም ሳይናገር ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ይህ ሰው በወጣትነቱ እነዚህኑ ሲያድን የኖረ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጎብኚዎችን በማጀብ ይተዳደር ነበር።

ይህን ዐይን በትምህርት ቤት አያገኙትም። ስካውትነት የአዳኙ ዕውቀት ሙሉ ዋጋ የሚያገኝበት ሥራ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት እንዳለው ግን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በፓርኩ ቋሚ ሆኖ ተቀጥሮ መጠበቅ ነው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይገባል፣ ጎብኚ ቢቀርም አይቋረጥም። ቅጥሩ የሚወጣው አልፎ አልፎ በመሆኑ ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል፣ የትምህርት ማስረጃም ይጠየቃል። ሁለተኛው ለእንግዶች ታጥቆ አጃቢ መሆን ነው። ወደ ተራራው የሚገባ ጎብኚ አጃቢ ስለሚይዝ ሥራው በተራ ይዳረሳል። እንግዳ ሲበዛ ተራው ቶሎ ይደርሳል፣ እንግዳ ሲጠፋ ግን የወር ገቢው ባዶ ነው። ከሁለቱ ሌላ በየጊዜው የሚደረጉት የዋልያ ቆጠራዎችና በሳንቃበር በኩል ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ገደሉን የሚያውቅ ረዳት ይፈልጋሉ። ይህ ጥቂት ሰው የሚያውቀው በር ነው፤ ዱካ የሚለይና ያየውን በሐቅ የሚመዘግብ ሰው ተፈላጊ ነው።

አደጋውን አልሸሽግም። ጠመንጃ ይዞ በተራራ ላይ መዋል በዚህ ጊዜ ቀላል አይደለም። የሚያውቁትን የጎረቤት ልጅ መያዝም ከባድ ነው፤ የመንደር ቂም ያመጣል። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር አለበት።

አራተኛው፦ በቅሎ፣ ምግብ ማብሰልና ማስጎብኘት

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የማያቸው ሁሉም በጎብኚ ላይ ስለሚቆሙ ነው። ደባርቅ ላይ ሁሉም በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ከፍተኛው ወራት ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ክረምቱ ባዶ ነው።

ማስጎብኘት የተሻለ የሚከፈልበት ነው፤ ነገር ግን የውጭ ቋንቋና ስልጠና ይጠይቃል። አሥራ ሁለተኛን ያጠናቀቀና እንግሊዝኛ የማይፈራ ወጣት ካለ ይሞክረው። አብሳይነት መነሻው ዝቅተኛ ነው፤ ልምድ ግን ካልተገኘ ተራ አይገኝም። በቅሎ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚዋልባት ከብት ናት። እንግዳ ባይኖርም ትበላለች፣ ከገደል ከወደቀች ወይም ከታመመች መነሻው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሆኖም ከሌሎቹ የምትሻልበት አንድ ነገር አለ፦ ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታትም እህል ከመካነ ብርሃን ገበያ ወደ ሩቅ ቀበሌ ትጭናለች፣ ሕመምተኛ ታደርሳለች። በብድር በቅሎ መግዛትን ግን በፍጹም አልመክርም። በ2011 ዓ.ም. ተበድረው የገዙ ሰዎች በ2013 በግማሽ ዋጋ ሲሸጡ አይቻለሁ።

አምስተኛው፦ የስሜን በግ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚንቀው እጁ ላይ ያለውን ነው። የዱር ተራራ እንስሳ ሲያልቅ የቤቱ ተራራ እንስሳ አልጠፋም። የስሜን በግ በአገራችን ከሚታወቁት የበግ ዝርያዎች አንዱ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጠጉሩ የበዛ፣ ብርዱን የለመደ ነው። ከጠጉሩ ባና ይሠራል። ጠቦቱም ሆነ ሙክቱ በደባርቅ፣ በዳባትና በጎንደር ገበያ ስም አለው።

ሥራው በሁለት ይከፈላል። እናት ገዝቶ ማራባት ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይረባል፣ መንጋውም ይቆያል። ማድለብ ደግሞ በሦስት ወር ገደማ ይሸጣል። ለጀማሪ የምመክረው ማድለቡን ነው፣ ምክንያቱም በበዓል ቀኖች ላይ መቆም ይቻላል። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ፤ በጎንደር ከተማ ደግሞ የአረፋ ገበያ ከእነዚህ አያንስም።

ሲገዙ አንድ ዓመት ያልዘለለ፣ ቁመቱ የወጣለት፣ የከሳ ግን ጤናማ ተባዕት ይፈልጉ። አፉን ከፍተው ጥርሱን ይዩ፤ ትልልቅ ጥርስ ገና ካላወጣ ወጣት ነው። የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ደህና ነው፣ ከነጣ በሆዱ ትል ወይም በጉበቱ ጥገኛ አለ ማለት ነው። ኋላውን ይዩ፤ ጅራቱ ሥር በፋንድያ የተበከለውን ይተዉት። በጉ ያስል እንደሆነም ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ።

መኖው ድርቆሽ ወይም የገብስ ገለባ ሲሆን ከእርሱ ጋር ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት የቅባት እህል ቅሪት) እና ፉርሽካ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ያህል ለአንድ በግ ይሰጣል። ፋጉሎውን በአንድ ጊዜ አያብዙ፤ ሆዱ እስኪለምድ በሳምንት እያሳደጉ ይስጡ። ጨው አይርሱ፣ ንጹሕ ውኃ ዘወትር ይኑር። ለአንድ በግ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ደረቅ ቦታ ይበቃል።

እኔ በዚህ ሥራ የጠፋብኝን ልናገር። የዛሬ አራት ዓመት ከዘመዴ ጋር ሆነን ስድስት በግ ከገበያ ገዝተን ያን ቀን ማታ ከነበሩን ሦስት ጋር አንድ በረት አስገባናቸው። መድኃኒት “ነገ” አልን። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ማሳል ጀመረ፤ በወሩ ከዘጠኙ ሁለቱ ሞቱ፣ የቀሩትም ሲከሱ ቆይተው ለፋሲካ በገዛንበት ዋጋ ተሸጡ። በድካማችን ያተረፍነው ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጣ በግ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ አይቀላቀልም። የመጀመሪያ ቀን የትል መድኃኒት ይጠጣል፣ ክትባቱም በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጠዋል። የበግ ፈንጣጣና ደስታ መሰል በሽታ እኛ ተራራ ላይ አዲስ አይደሉም።

ይህ ከዋልያው ጋር የሚገናኝበት ቦታም አለ። በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የዱር በጎች በመንጋ የሚያልቁት በአብዛኛው ከቤት በግ በሚተላለፍ የሳንባ ምች ነው። የእኛውም ዋልያ ከቤት ፍየልና በግ ጋር በአንድ ገደል ግጦ በሽታ ሊጋባበት ይችላል፤ ከፍየል ጋር መዳቀልም ይሠጋል። ስለዚህ በግ ማደለቡን የምመክረው በረት ውስጥ አስሮ ቀልቦ ለሚያደርገው እንጂ መንጋ ይዞ ወደ አፋፉ ለሚወጣ አይደለም። ፍየል ከፓርኩ ጥግ ለሚኖር ሰው አልመክርም። በረት ውስጥ የተቀለበ በግ ከተቅበዘበዘው ቶሎ ይወፍራል፣ በጅብም አይበላም፤ ስለዚህ ለዋልያው የሚበጀው ለባለቤቱም የሚበጅ ሆኖ ይገኛል።

ማርና ድንች

ከሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ለዚያ ቆላ ክፍል ንብ ማነብ ጥሩ ነው። በደጋው ለዘር የሚሆን ድንች ገበያ አለው። ሁለቱም መሬት ላላቸው ሰዎች ተጨማሪ እንጂ ብቻቸውን ቤት የሚያቆሙ አይደሉም።

በአንድ ሠንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | በሕግ | መነሻ ገንዘብ | የመጀመሪያ ገቢ | ጎብኚ ባይመጣ | የአዳኝ ዕውቀት | ለዋልያው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ድብቅ አደን | ያስቀጣል | ጥይትና ፍርሃት | ወዲያው፣ አንዴ ብቻ | ይቀጥላል | ይጠቅማል | ያጠፋዋል |
| ሕጋዊ አደን መጠበቅ | ዛሬ የለም | የለም | ዓመታት | አይመለከተውም | ምናልባት | እስኪታወቅ ድረስ ምንም |
| ቋሚ ስካውት | ሕጋዊ | የለም | ከቅጥር በኋላ በወሩ | አይቆምም | ሙሉ በሙሉ | ይጠብቀዋል |
| አጃቢ ስካውት | ሕጋዊ | አነስተኛ | ተራ ሲደርስ | ይቆማል | በደንብ | ይጠብቀዋል |
| በቅሎ ማከራየት | ሕጋዊ | ከፍተኛ | ተራ ሲደርስ | በከፊል ይቀጥላል | በመጠኑ | አይጎዳውም |
| ማስጎብኘት | ሕጋዊ | ለስልጠና | ዓመት ገደማ | ይቆማል | ከቋንቋ ጋር ከሆነ | ይጠቅመዋል |
| በረት ውስጥ በግ ማድለብ | ሕጋዊ | መካከለኛ | ሦስት ወር | ይቀጥላል | ጥቂት | ግጦሹን ይለቅለታል |
| ማርና ድንች | ሕጋዊ | አነስተኛ | ከስድስት ወር በላይ | ይቀጥላል | ጥቂት | አይጎዳውም |

ለማን የቱ ይሻላል?

ገንዘብ የሌለው ግን ተራራውን የሚያውቅ ወጣት መጀመሪያ የአጃቢነትና የረዳትነት ተራ ይያዝ። ማስረጃውን አሟልቶ የቋሚ ቅጥር ማስታወቂያ ይከታተል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ክፍያዎች ሳይበላ ሁለት በግ ይግዛበት። ሁለት በግ ትንሽ ነው፣ ግን የሚማርበትን ያህል በቂ ነው። ስድስት ገዝቶ መማር እንደ እኔ ያስከፍላል።

ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ባለትዳር ከአራት እስከ ስድስት በግ በረት ውስጥ ቢያደልብና አጃቢነቱን ጎብኚ ለሚበዛበት ወቅት ቢያቆይ ይመረጣል። ገንዘቡን ከሁለት የሚከፍል ነገር አለ፦ ለመግዣ ካሰበው ብር ሩቡን ለመኖና ለመድኃኒት ያስቀምጥ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሙሉ በበጉ ላይ አውሎ በሁለተኛው ወር ፉርሽካ ሲያልቅበት ሳይደልብ ይሸጣል።

በቅሎ ያለው ሰው አይሽጣት። ያለችው ሰው ግን ሁለተኛ ለመግዛት አይቸኩል። በበቅሎው ገቢ በግ ቢገዛ ጎብኚ በሌለበት ዓመት ይተርፋል።

እናት ብቻዋን የምታስተዳድረው ቤት ከሆነ ማደለቡ ከሁሉም ይስማማታል። ሥራው በግቢ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ያግዟታል፣ ገንዘቡም በበዓል ቀን በእጇ ይገባል። በአካባቢዋ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለ ለአንድ ዙር ብቻ የሚከፈል አነስተኛ ብድር ትውሰድ፣ ከበዓሉ ማግስትም ትመልሰው።

ቤት ውስጥ አሁንም ጠመንጃና የአደን ልምድ ያለው አዛውንት ካለ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የገደሉን መተላለፊያዎች፣ የዋልያው የውኃ መውረጃ ቦታዎችና የግልገል ማሳደጊያ ኮረብታዎች የት እንደሆኑ ያስተምረው። ቆጠራ በሚደረግ ጊዜ ይህ ዕውቀት ለቆጣሪው ቡድን ይበጃል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር ወደ ደባርቅ የሰፈሩት ከ400 በላይ አባወራዎች ይዘውት የመጡትን እንዲህ ያለ ዕውቀት ማን እንደ መዘገበው አስቤ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

የአጎቴ ልጅ ከዚህ ሁሉ ስሌት በኋላ የመረጠው ሁለት በግና የአጃቢነት ተራ ነው። “ጥምቀት አልፏል፣ ለገናው አልደረስኩም” ብሎ ሲያዝን እንዲህ አልኩት፦ ገና ካለፈ ፋሲካ አለ፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የሚበላው ሰው ስለሚቀንስ የበግ ዋጋ ወረድ ይላል፣ የዚያን ጊዜ ግዛ። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ለሙሉ ማደለቢያ ጥቂት ያጥራል፣ ስለዚህ ቁመት ያለውንና ሥጋው ጀምሮ ያለውን ምረጥ። የገናውን የሚፈልግ በመስከረም መጨረሻ ገዝቶ ድርቆሹን ሣሩ ሳይደርቅ በጥቅምት ማጨድ አለበት። የስሜን ጥቅምት ሣሩን በአንድ ሌሊት ያደርቀዋልና፣ በዚያ ወር ማጭዱን የሚስል ሰው ይፈለጋል።